ያቀናሁት አውሮፕላን

ስሙን አልጽፍም። አምቦ ትልቅ ከተማ አይደለችም፤ የሚያውቀው ሰው ሳልጽፍም ያውቀዋል። እዚህ ላይ «እሱ» እያልኩ ነው የምጠራው። ፊት ለፊት ግን ሁልጊዜ «እርስዎ» ነው ያልኩት። እሱ እንግዳ ሰው ባለበት «አዴ» ይለኛል፣ በኦሮምኛ ትልቅ ሴት በአክብሮት የምትጠራበት ነው፤ እንግዳ ከሌለ «አንቺ» ብቻ ነኝ። በዕድሜ አሥር ዓመት እበልጠዋለሁ።

ቂም መያዝ መጥፎ ነው ይላሉ። እኔ ይዤ ነበር፤ አሁንም አልለቀቅሁትም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው አንባቢ መጨረሻ ላይ ዕርቅ እንዳይጠብቅ ነው።

የምሠራው በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ በላቦራቶሪውና በትምህርት መርጃ ክፍሉ ውስጥ ነበር። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ነጥብ ስላልመጣልኝ በዕቃ ጠባቂነት ተቀጠርኩ። ደብዳቤው ዕቃ ጠባቂ ይበል እንጂ የሚጠበቅ ዕቃ አልነበረም። ክፍሉን ስረከብ ሁለት የተሰበሩ ማይክሮስኮፖች፣ አንድ ሚዛንና ብዙ ባዶ ጠርሙስ ነው ፈርሜ የተቀበልኩት። ስለዚህ መሥራት ጀመርኩ። ከደረቀ የቁልቋል እንጨት የምድርን ሉል ቀረጽኩ። ከዘይት ቆርቆሮ በፀሐይ የሚሠራ ምድጃ፣ ከአሮጌ ብስክሌት ጎማ መዘውር አወጣሁ። ቁልቋል ሲደርቅ እንደ ቡሽ ይቀልላል፤ በቢላ ብቻ ይቀረጻል። ይህን ያስተማረኝ መምህር የለም። አባቴ ከቁልቋል የንብ ቀፎ ሲሠራ እያየሁ ነው ያደግሁት።

መንግሥት ተለውጦ የታችኛው ክፍል ትምህርት በኦሮምኛ ሲሆን፣ በዙሪያችን ያሉ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቻርቶቻቸውን ወደ እኛ ላኩ። የአማርኛውን ጽሑፍ በነጭ ቀለም አጥፍቼ በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል፣ የጻፍኩበት እኔ ነኝ። የላም ሆድ፣ የአበባ ክፍሎች፣ የምዕራብ ሸዋ ካርታ፤ አንድ ክረምት ሙሉ ሌላ ሥራ አልነበረኝም።

በየዓመቱ የዞኑ ትምህርት ቤቶች የሠሩትን መርጃ መሣሪያ አምቦ ላይ ለእይታ ያቀርባሉ። ከጉደር፣ ከእንጭኒ፣ ከካቺሲ ሳይቀር በአይሱዙ ተጭኖ ይመጣል። ከእያንዳንዱ ዕቃ ሥር አንድ ካርድ ይቀመጣል። በካርዱ ላይ የዕቃው ስም፣ ጥቅሙ፣ ከታች ደግሞ «ያዘጋጀው መምህር» የሚል መስመር አለ። እኔ መምህር አይደለሁም፤ ስለዚህ በመስመሩ ላይ የክፍሉ ኃላፊ ስም ይጻፋል። ልማድ ነበር። ማንም በክፋት ያመጣው አይመስለኝም። እሱ ግን ልማዱን ርስት አደረገው።

እሱ የፊዚክስ መምህርና የሳይንስ ክፍል ኃላፊ ነበር። ደህና ተናጋሪ ነው፤ ተማሪዎች ይወዱታል። በእጁ ግን ሚስማር እንኳ ሲመታ አላየሁትም።

በመጀመሪያ የወሰደብኝ በውኃ ግፊት የሚሠራ ማንሻ ነው። እህቴ ሆስፒታል ነርስ ነበረች፤ ያገለገለ ስሪንጅና የግሉኮስ ቱቦ ቀቅላ ታመጣልኛለች። ትንሹን ስሪንጅ በጣት ስትገፋው ትልቁ ስሪንጅ ጡብ ያነሳል። አሁን በየትምህርት ቤቱ ተማሪ ሁሉ ይሠራዋል፤ ያን ጊዜ ግን በዞኑ ማንም አላየም ነበር። አንደኛ ወጣ። የምስክር ወረቀቱን እሱ ተቀበለ፤ እኔ ውኃውን በጀሪካን ተሸክሜ ሄጃለሁ። በዚያው ዓመት ለክረምት የዲግሪ ትምህርት ሲመረጥ ያ ወረቀት ከማመልከቻው ጋር ተያይዞ ነበር።

ያንን እንኳ ዝም ብዬ አልፌዋለሁ። ያላለፍኩት የሚቀጥለውን ነው።

የሥራ መደቤ ከዕቃ ጠባቂ ወደ ላቦራቶሪ ቴክኒሺያን እንዲለወጥልኝ አመለከትኩ። ዳይሬክተሩ ጥሩ ሰው ነበሩ፤ የክፍሉ ኃላፊ ስለ ሥራዬ አንድ ገጽ ይጻፍና እኔ አስተላልፋለሁ አሉኝ። እሱ አንድ ገጽ አልጻፈም። አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፈ፤ «የተዘጋጁ መርጃ መሣሪያዎችን አቧራ በመጥረግና በአግባቡ በማስቀመጥ ታግዛለች።» ማመልከቻዬ ተመለሰ።

ልጠይቀው ሄድኩ። ወንበር አልጋበዘኝም።

«ምን ጎደለሽ?» አለኝ። «የሠራሽው እኮ በእኔ ሐሳብ ነው። እጅ ብቻውን ምን ያደርጋል?»

ወጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለትምህርት ቤቱ አዲስ ነገር መሥራት ተውኩ። የተጠየቅሁትን እጠግናለሁ፣ የተሰበረውን እለጥፋለሁ፣ ከዚያ በላይ የለም። እሱም ለሁለት ዓመት ያህል በኤግዚቢሽኑ ላይ የረባ ነገር አላቀረበም። በዚህም ትንሽ ደስ ብሎኛል፤ አልዋሽም።

የአውሮፕላኑን አምሳያ የሠራሁት ለራሴ ነው። ከውጭ አገር በእርዳታ የመጡ መጻሕፍት ነበሩ፤ የምንጠቀምባቸውን ለይተን የቀሩት ከላቦራቶሪው ጀርባ ተከመሩ። ከእነሱ መካከል የአውሮፕላን ሥዕል የሞላበት አንድ ወፍራም መጽሐፍ አገኘሁ። እያንዳንዱ ከላይ፣ ከጎንና ከፊት ተስሎ ልኩ ተጽፎበታል። እንግሊዝኛው ቀላል ነው፤ በመዝገበ ቃላት እወጣዋለሁ። ከሁሉም አንዱ ላይ ቆምኩ። ጀርመኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለሙከራ የሠሩት የስለላ አውሮፕላን ነው፤ ጥቂት ብቻ ተሠርቶ ቀርቷል። ሞተሩና ረጅሙ አካሉ በግራ በኩል ነው። ሰዎቹ የሚቀመጡበት የመስታወት ክፍል ለብቻው ተነጥሎ በቀኝ ክንፍ ላይ ተተክሏል። የጅራቱ ክንፍ እንኳ በግራ ብቻ ነው ያለው። በቀኝ በኩል ያልተደረገው ወደ ኋላ የሚመለከተው ሰው እይታው እንዳይጋረድ ነው። መጀመሪያ የሚያየው ሰው ሁሉ ተሳስተዋል ይላል። መጽሐፉ ግን ቀጥ ብሎ ይበር እንደነበር ያስረዳል፤ የአንዱ ወገን ክብደት የሌላውን ያቻችለዋል።

የእውነተኛውን አንድ ሜትር በአራት ሳንቲሜትር እያሰላሁ ሥዕሉን በካርቶን ላይ አሳደግሁት። ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ ሰባ ሳንቲሜትር መጣ። ቅዳሜ ቅዳሜና ከሥራ መልስ ስምንት ወር ፈጀብኝ። አካሉን ከቁልቋል ቀርጬ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ። ክንፉ እንዳይሰበር በውስጡ የቀርከሃ ስንጣሪ አስገባሁ። ጎማዎቹን ከሸበጥ ቆረጥኩ፤ ባለ ሦስት ምላሱን ማራገቢያ ከዘይት ቆርቆሮ፣ የጭስ ማውጫዎቹን ከበሬ ቀንድ አወጣሁ።

ያስቸገረኝ የመስታወቱ ክፍል ነው። ያን ያህል ቀጭን መስታወት የለም፤ ፕላስቲክም ያን ጊዜ እንዳሁኑ በየመንገዱ አልወደቀም። እህቴ ከሆስፒታሉ የተጣለ የራጅ ፊልም አመጣችልኝ። በረኪና ውስጥ ዘፍዝፌ በጨርቅ ስፈትገው ጥቁሩ ለቀቀ። የማን እንደሆነ የማላውቀው የጎድን አጥንት በጣቶቼ ሥር እየሟሟ ሄዶ ንጹሕ ብርሃን የሚያሳልፍ ነገር ቀረልኝ። እሱን በቆርቆሮ ጠርዝ እየያዝኩ አርባ ሁለት ትናንሽ መስኮቶች ገጠምኩ።

መጽሐፉን እንዳለ አልገለበጥኩትም። መትረየሶቹን ተውኳቸው፤ ለመሰለል የተሠራ ነው፣ ማየት ይበቃዋል አልኩ። የጀርመኖቹን ምልክትም አልሣልኩም። ቀለሙን ከትምህርት ቤት በር ከተረፈው ግራጫና ከትንሽ ሰማያዊ ቀላቅዬ ደጋግሜ ቀባሁት። ወደ ኋላ ዞሮ የሚቀመጠውን ሰው ከእንጨት ሠርቼ ነጠላ የለበሰች ሴት አደረግኳት። እህቴ አይታ ሳቀች። «ምን ትጠብቃለች?» አለችኝ። የሚከተላትን አልኳት።

በመጨረሻ አንድ ነገር ቀረ፤ ማንጠልጠያው። በአንድ ናይለን ክር ብቻ፣ ያለ ድጋፍ ቀጥ ብሎ እንዲንጠለጠል ፈለግሁ። ሞተር ያለበት ግራው ከበደ። ስለዚህ ከአሮጌ የመኪና ባትሪ ውስጥ የወጣ እርሳስ ቀጥቅጬ፣ ቀኝ ክንፉን ከሥር ፈልፍዬ፣ ትንሽ ትንሽ እየጨመርኩ ሚዛኑን አገኘሁ። ቀዳዳውን ደፍኜ ቀባሁት። ምንም አይታይም። ከቤቴ ጣሪያ እንጨት ላይ ሰቀልኩት፤ ውኃ ልክ ሆነ። እፍ ሲሉት ዝግ ብሎ ይዞርና ይመለሳል፤ ክንፉ አይዘነብልም።

የላቦራቶሪው ቁልፍ እኔ ዘንድ ስለነበር እሱ አንድ ቅዳሜ ሊወስድ ቤቴ መጣ። በር ላይ ቆሞ ቁልፉን እየጠበቀ ቀና ሲል አየው። ሳልጋብዘው ገባ። ዞሮ ዞሮ ተመለከተው። እፍ አለበት።

«ማን አመጣው?»

«እኔ ነኝ የሠራሁት» አልኩ።

«ቆንጆ ነው። ግን ተጣሟል።»

እንደዚያ ነው የተሠራው አልኩት። መጽሐፉን አውጥቼ አሳየሁት። ገጹን ቶሎ አየት አድርጎ መለሰልኝ። ከሄደ በኋላ ከጣሪያው አውርጄ ሣጥን ውስጥ መክተት ነበረብኝ፤ አልከተትኩትም።

በሳምንቱ ዳይሬክተሩ ጠሩኝ። የሳይንስ ክፍሉ በዘንድሮው ኤግዚቢሽን አውሮፕላን እንደሚያቀርብ አስመዝግቧል፤ የስበት ማዕከልን ለማስተማር በአንድ ክር የሚንጠለጠል ተብሎ በጽሑፍ ለዞኑ ተልኳል። የእኔ የግል ነው አልኳቸው። ሙጫው የማን ነው ብለው ጠየቁኝ። ሙጫው የትምህርት ቤቱ ነበር። መጋዙም፣ ሞረዱም፣ የበሩም ቀለም የትምህርት ቤቱ ነበር። ሰውየው ክፉ አልነበሩም፤ የጠየቁት ትክክል ነው። በትምህርት ቤቱ ዕቃ የተሠራ የትምህርት ቤቱ ነው። ይህ የእኔ ስህተት ነው፤ ያን ሁሉ ዓመት ከዚያ ክፍል ስሠራ አንድ ቱቦ ሙጫ በራሴ መግዛት አላሰብኩም።

እሱ ካርዱን አስቀድሞ ጽፎታል። በመስመሩ ላይ የእሱ ስም ነበር። ቢሮው ጠርቶ አንድ ነገር አዘዘኝ።

«ይሄን ነገር አቅኚው» አለኝ። «የሰዎቹን ክፍል መሃል አካሉ ላይ አድርጊ። ክንፉን አስተካክዪ። ጅራቱን በሁለቱም ወገን። እንዲህ አድርገን ብንወስደው ይስቁብናል።»

«መምህር፣ ሚዛኑ ያለው በጠማማነቱ ነው» አልኩት።

«ጀርመን እንዲህ ይሳሳታል? አታሚው ነው የተሳሳተው። አውሮፕላን ወፍ ነው። አንድ ክንፏ ላይ ጭንቅላት ያላት ወፍ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ከሱ ሌላ ሁለት መምህራን ነበሩ፤ ሳቁ። የስበት ማዕከልን ለዘጠነኛ ክፍል የሚያስተምር ሰው ነው። አንድ ጊዜ ነገርኩት፤ ሁለተኛ አልነግረውም ብዬ ወጣሁ።

ያን ምሽት ለእህቴ አወራኋት። እሷ ጌታን ከተቀበለች ቆይታለች፤ እኔ እንዳለሁ ነኝ። ሐሳቤን ከፊቴ አወቀች መሰለኝ፣ ተይው፣ ለጌታ ስጪው፣ ይቅር በዪው አለችኝ።

«ጌታ አናጺ ነበር» አልኳት። «የሠራውን ወንበር ማንም በስሙ አላስመዘገበበትም።»

አልሳቀችም። እኔም ለማሳቅ አልነበረም።

በማግስቱ መጋዙን አነሳሁ። የመስታወቱን ክፍል ከቀኙ ክንፍ ላይ ፈታሁ። በእሱና በሞተሩ አካል መካከል ያለውን የክንፍ ቁራጭ ቆርጬ አወጣሁ። ሁለቱን ክንፎች ከመሃሉ ጋር ገጠምኩ፤ የመስታወቱን ክፍል ከላይ አስቀመጥኩ። የጅራቱን ቀኝ ክንፍ አዲስ ቀርጬ ጨመርኩ። ማንጠልጠያውን ልክ መሃል ላይ ተከልኩ።  የጠየቀውን አንድ ሳይቀር አደረግሁ፤ ስፌቱ እንኳ እንዳይታወቅ ሁለት ጊዜ ቀባሁት። አንድ ነገር ብቻ አላደረግሁም። በቀኝ ክንፍ ውስጥ ያለውን እርሳስ አላወጣሁትም። አሁን የሚያቻችለው ነገር በግራ በኩል የለም። በቢላ ጫፍ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነበር። ክንፉን በእጄ ይዤ አሰብኩበት፤ ከዚያ አስቀመጥኩት።

በካርቶን ውስጥ ጭድ ጎዝጉዤ አመቻችቼ አስረከብኩት። ከፍቶ አየው። «አየሽ? አሁን አውሮፕላን ሆነ» አለኝ። አልሰቀለውም። ከእጄ የወጣ ነገር ሁልጊዜ ስለሚሠራ ሞክሮ አያውቅም፤ ይህን ልማዱን አውቅ ነበር፣ የተማመንኩትም በዚሁ ነው።

ኤግዚቢሽኑ በአንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ጠረጴዛዎቹ በግድግዳው ዙሪያ ተደርድረዋል። ከእንጭኒ የመጡት የእህል መውቂያ አምጥተዋል፤ ጉደሮች ፏፏቴያቸውን በጭቃ ሠርተው በላዩ ላይ ተርባይን ተክለዋል። እኔ ከኋላ፣ ዕቃ ተሸካሚዎች በሚቆሙበት ቆሜያለሁ። ዳኞቹ ሦስት ናቸው። አንዱ ከካቺሲ የመጡ፣ ረጅም፣ ሽበታም የሒሳብ መምህር ነበሩ፤ ትንሽ ነው የሚናገሩት፤ ሁሉን ነገር ግን ይነካሉ።

ወደ እኛ ሲደርሱ እሱ ኮቱን አስተካክሎ ተናገረ። ስለ በረራ፣ ስለ ስበት፣ ስለ አገር ዕድገት ተናገረ። ከዚያ ለማሳየት ራሱ ወንበር ላይ ወጣ። ክሩን ከጣሪያው ሚስማር ላይ አሰረና ለቀቀው።

ቀኝ ክንፉ ወደ ታች ሄደ። አውሮፕላኑ ለገበያ እንደሚንጠለጠል ዶሮ በጎኑ ተንጠለጠለ፤ ቀስ ብሎም ዞረ። በእጁ አቅንቶ ለቀቀው። እንደገና ሄደ። ሦስተኛ ጊዜ አቅንቶ በጣቱ ይዞት ቆየ፤ ጣቱን ሲያነሳ ያው ሆነ።

«ነዳጁ ወደ አንድ ወገን ፈስሶ ይሆናል» አለ አንድ የጉደር መምህር።

«ሊያርፍ ነው፤ መንገድ ልቀቁለት» አለ ከእንጭኒዎቹ አንዱ።

ሳቁ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሄደ። የካቺሲው መምህር አልሳቁም። ካርዱን አንስተው አነበቡ። «ኩን ማሊ?» አሉ ለራሳቸው፤ ይህ ምንድን ነው እንደማለት። ከዚያ የስበት ማዕከሉ የት እንደሆነ ጠየቁት። ማንጠልጠያውን አሳያቸው። «እዚህ ቢሆንማ ምን ያስተኛዋል?» አሉት።

ላቡ በአንገቱ ሲወርድ ከቆምኩበት ይታየኛል። ወንበሩ ላይ እንደቆመ በዓይኑ ፈለገኝ።

«አዴ፣ ማሎ» አለኝ፣ እባክሽ ማለት ነው፤ «ነይና አስተካክዪው።»

የአዳራሹ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። የምመልስለትን ቃል በልቤ ብዙ ቀን አዘጋጅቼው ነበር፤ ስለዚህ አልጮኽኩም።

«የሠሩት እርስዎ ነዎት መምህር። እርስዎ ያስተካክሉት።»

ከወንበሩ ሲወርድ እግሩ ሳተና የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘ። ዳኞቹ ጽፈው አለፉ። አውሮፕላኑ እስከ ማታ ድረስ እንደተጋደመ ተንጠልጥሎ ዋለ፤ የሚያወርደው ሰው አልነበረም። እኔ ምሳዬን በደንብ በላሁ።

ስንበተን የካቺሲው መምህር በር ላይ ጠበቁኝ። ወደ ጎን ወሰድ አድርገውኝ ዝግ ብለው ተናገሩ። ያ የመስታወቱ ሥራ በአሥር ዓመት ውስጥ እዚህ አዳራሽ ካዩት ሁሉ እንደሚበልጥ፣ ሰውየው ግን ከምን እንደተሠራ ሲጠየቅ መመለስ እንዳቃተው ነገሩኝ።

«እውነቱን ይንገሩኝ» አሉኝ። «የእርስዎ እጅ ነው? ከሆነ ለትምህርት ጽሕፈት ቤቱ እጽፋለሁ።»

ስንት ዓመት የጠበቅሁት ጥያቄ ነው። አንድ ቃል ነበር የቀረኝ። ነገር ግን የእኔ ነው ካልኩ ያ የተጋደመው ነገርም የእኔ ይሆናል፤ እሱም ለካ የሷ ስህተት ነው ብሎ ቀና ብሎ ይሄዳል። ከውስጥ ገና ሳቅ ይሰማል። ያ ሳቅ እንዲቋረጥ አልፈለግሁም።

«አይደለም» አልኳቸው።

አመስግነውኝ ሄዱ። የሥራ መደቤም ሳይለወጥ ቀረ፤ ዕቃ ጠባቂ ሆኜ ጡረታ ወጣሁ። በዞኑ መዝገብም እስከ ዛሬ አውሮፕላኑን ያዘጋጀው እሱ ነው።

ዋጋው ይህ ነበር፤ ከፈልኩት። በምትኩ ያገኘሁት መምህራኑ «ካፒቴን» ብለው ስም ሲያወጡለት ነው። በኮሪደር ሲያልፍ ክንዳቸውን ዘርግተው ወደ ቀኝ ጋደል ይላሉ። ለተከታታይ ዓመታት በኤግዚቢሽኑ ላይ ስሙን አላስጻፈም። እኔን ቀና ብሎ አያየኝም፤ ቁልፍ ሲፈልግ ተማሪ ይልካል። የተቆራረጠውን አውሮፕላን ጣዪው ብሎ አዞኝ ነበር፤ የመስታወቱን ክፍል ብቻ ነቅዬ አስቀርቼ የቀረውን ማገዶ አደረግሁት።

በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ባልጻፍኩ።

ጡረታ ከወጣሁ ከብዙ ዓመት በኋላ የድሮው ዳይሬክተራችን ባለቤት ዐረፉ። ከእህቴ ጋር ለቅሶ ደረስን። ሦስተኛው ቀን ስለነበር ሐዘኑ በርዷል፤ ድንኳኑ ውስጥ ወንዶቹ ካርታ ይጫወታሉ። እሱ መሃላቸው ተቀምጧል። ሸብቷል፤ አንድ ጉልበቱን ዘርግቶ ነው የሚቀመጠው። ወጣት መምህራን ከበውት ጨዋታ ያመጣሉ። አንዱ የካፒቴንነቱን ነገር ያንሱልን አለው።

አነሳው። ያውም ደህና አድርጎ። እንዴት ወጣት ሳለ ጀርመንን ላርም ብሎ እንደተነሳ፣ እንዴት ስምንት ወር ቅዳሜ ቅዳሜ ቁልቋል ሲፍቅ እንደከረመ፣ የራጅ ፊልም በበረኪና እንዴት እንዳጠበ፣ በመጨረሻ ዳኞች ፊት እንዴት እንደተገለበጠበት፣ ከየት እንደለቃቀመው እንጃ፣ እየዘረዘረ አወራው። በራሱ ላይ እየሳቀ ነው የሚያወራው፤ ሰው ደግሞ በራሱ ላይ የሚስቅን ይወዳል። ከሐዘንተኞቹ መካከል እንኳ የሳቁ ነበሩ። «አዴ እዚያ አለች» አለ በአገጩ እያመለከተኝ፤ «ያን ጊዜ አቧራ የምትጠርግልን እሷ ነበረች። ጠይቋት፣ ትመሰክራለች።»

ሥራዬን ወስዷል። ያን ተበቅዬው ነበር። አሁን በቀሌንም ወስዶ ጨዋታ አድርጎታል፤ እሱን ማዋረዴ ለእሱ ማዕረግ ሆኖለታል። እንዲህ ያለ ሰው ምኑን ትነጥቀዋለህ?

ነጠላዬን አጣፍቼ ተነሳሁ። እህቴ ከኋላ ጫፉን ያዘች።

«የሠራሁት እኔ ነኝ» አልኩ። «እንዳይቆም አድርጌ ያቀናሁትም እኔ ነኝ። በቀኝ ክንፉ ውስጥ እርሳስ ነበር፤ አውቄ ተውኩት።»

ካርታው ቆመ። እሱ መጀመሪያ ፈገግ አለ፤ ቀልድ መስሎት ይሆናል። ከዚያ ዓመታቱን ወደ ኋላ ሲቆጥር በፊቱ ላይ አየሁ። ያን ሁሉ ዓመት የተገለበጠው በዕድል መስሎት ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለኝ። እንግዳ ሰው ፊት «አዴ» የሚለውን ትቶ ሲያናግረኝ የመጀመሪያው ነው።

«ሚዛኑ ያለው በጠማማነቱ ነው ብዬ ነግሬዎታለሁ። ሁለት መምህራን ነበሩ፤ ስቃችኋል።»

ከሴቶቹ በኩል አንዷ የለቅሶ ቤት ነው አለች። እውነቷን ነው። ዳይሬክተሩ አርጅተዋል፤ ባለቤታቸውን ቀብረው ተቀምጠው የእኔን ቂም ሰሙ። በዚህ ብቻ አፍራለሁ። በማግስቱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ እሳቸውም እጄን ይዘው ያን ጊዜ ሙጫው የማን ነው ብዬ መጠየቅ አልነበረብኝም አሉኝ።

እህቴ ለአንድ ወር ያህል አኩርፋኝ ነበር። በሽማግሌ ጉልበት ላይ ቆመሽ ምን አገኘሽ ትለኛለች። ያገኘሁትን እነግራታለሁ። ወጣት መምህራኑ አሁን መንገድ ላይ አቁመው ያ የመስታወት ክፍል እንዴት እንደተሠራ ይጠይቁኛል። ሁለት ጊዜ ቤቴ መጥተው አይተውታል። የሠራችው እሷ ናት ይላሉ፤ ክፉ ሴት ናትም ይላሉ። ሁለቱም ትክክል ነው፤ ሁለቱንም እቀበላለሁ።

እሱ ግን ጨዋታውን ተወው። ወደ ጉደር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ አንዳንዴ ጠዋት እንገናኛለን። ከሩቅ ሲያየኝ ወደ ማዶ ይሻገራል። ጉልበቱ ስለሚያመው መሻገሩ ቀላል አይደለም፤ ባጃጆቹ እስኪያልፉ ጠብቆ፣ ከድንጋዩ ጠርዝ ላይ እግሩን በእጁ እየደገፈ ነው የሚወርደው። አስቀድሜ እኔ ብሻገርለት ከዚህ ሥቃይ ይድናል። እኔ ግን ባለሁበት ወገን ዝግ ብዬ እሄዳለሁ፤ እሱ ተሻግሮ እስኪጨርስ አየዋለሁ።